ነገ ለምትሄድ ልጅ ሽማግሌ

ወይዘሮ ተናኘወርቅ የበርበሬውን ፌስታል ሳሎኑ ወለል ላይ በተዘረጋው የአውሮፓ ካርታ ላይ ዘጭ አደረጉት። ፌስታሉ ያረፈው ሃንጋሪ ላይ ነበር።

«እማዬ፣ ካርታውን!»

«ካርታው ምን ይሆናል? ይልቅ ስሚኝ፤ ይቺ ለወርቅዬ፣ ይቺ ለወርቅዬ ጎረቤት። ይሄ ሽሮ ደግሞ ሙኒክ ላለው ለእትዬ ጸዳለ ልጅ።»

«እኔ እኮ ሙኒክ አልወርድም። ባቡሩ ቢያልፍ ነው።»

«ካለፈማ ጥሩ! በመስኮት ታቀብይዋለሽ።»

ትሩፋት ሳቋ መጣ፤ ግን አልሳቀችም። ከሰኞ ጀምሮ አንድ ቦታ መቀመጥ አቅቷታል። ከሳሎን ወደ መኝታ ቤቷ፣ ከመኝታ ቤቷ ወደ በረንዳው ትመላለሳለች። ከሲሚንቶው ወለል ላይ እግሯን እንዳነሣች የሆነ ነገር የረሳች ይመስላታል፤ የረሳችውን ስትፈልግ ደግሞ የመጣችበትን ትረሳለች። እሁድ ማታ ትበራለች።

ላፍቶ አካባቢ ባለ አንድ ትምህርት ቤት ጂኦግራፊ ታስተምራለች። በየዓመቱ የዳኑብን ወንዝ በሰማያዊ ጠመኔ ሰሌዳው ላይ ትስለዋለች፤ ከጀርመን ጥቁር ደን አስነሥታ፣ አገር ለአገር እያጠማዘዘች እስከ ጥቁር ባሕር ትወስደዋለች። ደወል ሲደወል በዳስተር ታጠፋዋለች። አምና አንዲት ተማሪ እጇን አውጥታ «ቲቸር፣ አይተሽው ታውቂያለሽ?» አለቻት። ጥያቄው የልጅ ነበር። ትሩፋት ግን ከዚያ ቀን ወዲህ ወንዙን ስትስል ስለማታውቀው ሰው ሐሜት የምታወራ ያህል ታፍር ጀመር።

ሐሳቧ ቀላል ነበር። ምንጩ ካለባት ትንሽ ከተማ ትነሣለች። ምንጩ ላይ ወንዙን ሰው በአንድ እርምጃ ይሻገረዋል ይባላል። ከዚያ በባቡር ኡልም፣ ፓሳው፣ ቪየና፣ ብራቲስላቫ፣ መጨረሻው ቡዳፔስት። ብቻዋን። አንድ የጀርባ ቦርሳ ይዛ። ፍልሰታ ሳይፈታ ቤቷ ትመለሳለች።

የመጨረሻዋን ዓረፍተ ነገር ግን የሚያምናት አልተገኘም።

«ለማየት ብቻ?» ይሏታል፣ የሰፈሩም፣ የሥራ ቦታውም ሰው። «ወንዝ ለማየት?» እንግሊዝኛ የምታስተምረው ጓደኛዋ ቤተልሄም እንኳ አቅፋት «እዚያ ስትረጋጊ እንዳትረሺኝ፣ እሺ?» ብላታለች። «እመለሳለሁ እኮ» ስትላት «አዎ አዎ» ብላ ጠቀሰቻት፤ ሚስጥር እንደሚጠብቅ ሰው።

የእናትየው ስልክ ጮኸ። ድምፁን ከፍ አድርገው ሶፋው ላይ አስቀመጡት። ፍራንክፈርት ያለችው አክስቷ ወርቅዬ ናት።

«ትሩፊዬ! አልጋሽን አንጥፌልሻለሁ። ወረቀት የሚያስጨርስ ሰውም አነጋግሬያለሁ።»

«አክስቴ፣ እኔ አንቺ ጋ የማድረው አንድ ቀን ነው። ተመላሽ ትኬት ነው የቆረጥኩት።»

በስልኩ ውስጥ ሳቅ ተሰማ። «ተመላሹማ ለኤምባሲው ነው የሚቆረጠው፣ የኔ ቆንጆ!»

ወይዘሮ ተናኘወርቅም ሳቁ። ከሳቃቸው በኋላ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ጣል አድርገው ቀስ ብለው ተናገሩ። «እንግዲህ ክፍልሽንም ለአንዲት የባንክ ሠራተኛ ቃል ገብቼላታለሁ። ጨዋ ልጅ ናት። ባዶውን ከሚውል ብዬ ነው።»

«ክፍሌን?»

«ልጄ፣ አባትሽ ከሞቱ ወዲህ እኔ ለአንቺ አንድ ነገር ብቻ ነው የለመንኩት። ከዚህ የተሻለ እንድታዪ። ለእኔ አታስቢ።»

የእናቷ ዓይን እንባ አቅርሮ ነበር። ለትሩፋት በሕይወት ያለ ሰው ለራሱ ለቅሶ ሲደረስለት እንደማየት ነበር፤ ለቅሶ ደራሾቹ ደግሞ ሁሉም የሚወዷት።

አንድ ሰው ቀርቷታል፤ እሱ ያምናታል። ይህን አስባ ጃኬቷን አንሥታ ወጣች።

*

የሚሳኤል አሉሚኒየም ቤት መካኒሳ ከዋናው መንገድ ገባ ብሎ ነው። ከበሩ በላይ ያለው ሰሌዳ «ሚሳኤልና ክብረት» ይላል። ክብረት ታላቅ ወንድሙ ነው፤ ለሁለት ሳምንት ሥልጠና ብሎ ሆላንድ ሄዶ ይኸው ስድስት ዓመቱ። ሚሳኤል ሰሌዳውን አልቀየረም። ስለ ወንድሙም አያወራም።

ባለፈው ክረምት የነትሩፋትን በረንዳ በመስታወት ሊዘጋ ለቡ መብራት ኃይል ሰፈር መጥቶ ነው የተዋወቁት። ሥራው ካለቀም በኋላ መምጣቱን አልተወም፤ አንድ ቀን «ጎማው ለቆ እንዳይሆን» ይላል፣ ሌላ ቀን «ዝናብ እንዳያስገባ»። ወይዘሮ ተናኘወርቅ «ይሄ ልጅ ምነው የሠራውን አያምነው!» እያሉ ሲገረሙ ቆዩና፣ ገባቸው። የገባቸው ቀን «የኢንጂነር ልጅ ለመስታወት ገጣሚ?» አሉ። አንድ ጊዜ ብቻ ነው ያሉት። ከዚያ በኋላ ስሙን አንሥተው አያውቁም።

ትሩፋት ስትደርስ ሚሳኤል እጁን በጨርቅ እየጠረገ ፈገግ አለ። እሷን ሲያይ ሁልጊዜ መጀመሪያ ዓይኑ ነው የሚስቀው፤ አፉ ቆይቶ ይደርሳል። ዛሬ አፉ ቀደመ።

«ነይ፣ አንድ ነገር ገዝቼልሻለሁ» አለና ከመጋረጃው ጀርባ እየገፋ አወጣው።

ሻንጣ ነበር። ጥቁር፣ ባለ አራት ጎማ፣ ሕፃን ልጅ ተጣጥፎ ሊተኛበት የሚችል ትልቅ ሻንጣ።

ትሩፋት ሻንጣውን አየችው። ከዚያ እሱን አየችው።

«ሚሳ፣ በጀርባ ቦርሳ ነው የምሄደው ብዬህ የለም?»

«ነግረሽኛል። ግን… ይኑርሽ። ወፍራም ልብስ የሚያስፈልግ ከሆነ።»

«በሐምሌ? እዚያ እኮ በጋ ነው።»

«አሁን በጋ ነው» አለ ሚሳኤል፤ «አሁን» የምትለዋን ቃል ሲናገር ዓይኑን ወደ ወለሉ አወረደ።

ልቧ ውስጥ የሆነ ነገር ተሰበረ፤ እንደ መስታወት አይደለም፣ መስታወት ሲሰበር ይጮኻል። ይህ ድምፅ አልነበረውም።

«አንተም» አለች።

«ትሩፊ…»

«አንተም ለፈረንጅ አገር ክረምት እያዘጋጀኸኝ ነው። እናቴ ክፍሌን ሰጠች። አክስቴ አልጋ አነጠፈች። አንተ ደግሞ ሻንጣ!»

«እኔ እንዳይጎድልሽ ብዬ…»

«የጎደለኝማ ሌላ ነው!» አለችው። «አንድ ሰው! አንድ ሰው ‹ደህና ግቢ› እንዲለኝ ነበር የፈለግሁት። ሻንጣህን ለሚቀር ሰው ስጠው።»

ይከተለኛል ብላ ቀስ ብላ ተራመደች። ጥግ ላይ ስትደርስ ቀስ ማለቷ አናደዳትና ፈጠነች። አልተከተላትም። ታክሲ ውስጥ ረዳቱ «ለቡ፣ ለቡ፣ ሁለት ሰው!» እያለ ሲጮኽ ሁለተኛዋ ሰው ማን እንደሆነች አሰበች። የምትሄደዋ ናት ወይስ የምትመለሰዋ? ዛሬ ሁለቱም አስጠሏት።

*

ሐሙስ አልደወለም። ዓርብም አልደወለም።

በቴሌግራም «ይቅርታ» ብላ ጽፋ አጠፋችው። «ፈሪ» ብላ ጻፈች፤ እሱንም አጠፋችው። የሱ ስም ሥር «እየጻፈ ነው» የሚል ይመጣና ይጠፋል፤ ይመጣና ይጠፋል። እዚያ ማዶ ሆኖ እሱም እየጻፈ የሚያጠፋ ሰው እንዳለ ማወቋ ከዝምታው ይልቅ አቃጠላት። የባቡሮቹን ሰዓት ደጋግማ አየች። ከብራቲስላቫ ቡዳፔስት ያለውን መንገድ እንደ ውዳሴ ማርያም በቃሏ ትወጣዋለች፤ ከለቡ መካኒሳ ያለው ግን ጠፋባት።

ቅዳሜ ጠዋት ቦርሳዋን ለመጨረሻ ጊዜ ፈትታ እንደገና ስታስር የግቢው በር ተንኳኳ።

«ቤቶች! ደህና አደራችሁ?»

«ውይ፣ ሀጂ! ግቡ፣ ግቡ!» አሉ እናቷ። ሀጂ አህመድ መካኒሳ ውስጥ የጨርቃ ጨርቅ ሱቅ ያላቸው ናቸው፤ አባቷ ሲሞቱ ከድንኳኑ ሳይለዩ የሰነበቱ፣ ወይዘሮ ተናኘወርቅ እንቢ ሊሏቸው የማይችሉ ሰው። አብረዋቸው አቶ ተካ ገቡ፤ የመካኒሳን እድር የሚመሩት፣ ከዘራቸውን መሬት ሳያስነኩ የሚሄዱ ረጅም ሽማግሌ።

ትሩፋት ከኮሪደሩ ሆና ሰማች።

«ቁጭ በሉ እንጂ!»

«አንቀመጥም» አሉ አቶ ተካ።

ሳይቀመጥ የሚናገር ሽማግሌ ምን ሊል እንደመጣ የማያውቅ የለም።

«ወይዘሮ ተናኘ፣ ልጅ ልንጠይቅ ነው የመጣነው። ልጅዎን ትሩፋትን፣ ለልጃችን ለሚሳኤል።»

ደሟ ሁሉ ፊቷ ላይ ወጣ። *ሳይነግረኝ!* ሁለት ቀን ዘግቶኝ፣ አሁን ገመድ ይዞ! ሻንጣው አልበቃ ሲለው በሽማግሌ ሊያስረኝ! ቦርሳዋን አንሥታ በጓሮ በር ብትወጣ፣ አሁኑኑ ቦሌ ብትሄድ፣ እስከ ነገ ማታ እዚያ ብትቀመጥ…

«ምነው፣ አቶ ተካ?» አሉ እናቷ፤ ድምፃቸው ሳቅም ድንጋጤም ነበረበት። «ልጄ እኮ ነገ ትሄዳለች! አገር ሁሉ ያውቃል። ለምትሄድ ልጅ ሽማግሌ ይላካል?»

«አይላክም» አሉ ሀጂ አህመድ። «እኛም ልጁን እንዲሁ ብለን መልሰነው ነበር። ሐሙስ መጣ፣ መለስነው። ዓርብ ከጁምዓ ስወጣ በሩ ላይ ቆሞ አገኘሁት። ‹ልጄ፣ መሳቂያ ልታደርገን ነው ወይ?› አልኩት። ‹ሀጂ፣ ለምትሄደዋ አይደለም የምልካችሁ፤ ለምትመለሰዋ ነው› አለኝ።»

ትሩፋት ወደ ሳሎኑ በር አንድ እርምጃ ተጠጋች።

«የምትመለሰው ማናት?» አሉ ወይዘሮ ተናኘወርቅ። «ሀጂ፣ የልብዎን ይንገሩኝ። ከፈረንጅ አገር የተመለሰ ሰው አይተው ያውቃሉ?»

«ከፈረንጅ አገር አላየሁም። እኔ ግን መካ ሄጄ ተመልሻለሁ።»

«እሱማ ሌላ ነው!»

«ምኑ ነው ሌላ? እዚያም ባቡር አለ።»

አቶ ተካ ሳል አሉ። «ቀልዱ ይቆየን። ወይዘሮ ተናኘ፣ ዛሬ እሺታ ወይም እንቢታ አንፈልግም። ልጁም ‹አስሩልኝ› አላለንም። ቀን ብቻ ቁረጡልን፤ እሷ ተመልሳ፣ እዚሁ ቤት፣ ወይ ‹እሺ› ወይ ‹እንቢ› የምትለን ቀን። ባትመለስ…» ቆም አሉ። «ባትመለስ፣ የሚወድቀው የእኛ ሽበት ነው። መካኒሳ ‹ለሌለች ልጅ አማላጅ የሄዱ› እያለ ይስቅብናል። ይሄን አውቀን ነው የመጣን። እና፣ እስካሁን እንደቆምን ነን፤ ጉልበቴ ደግሞ እንደ ድሮው አይደለም።»

ትሩፋት ምን እያደረገች እንደሆነ ሳታውቅ ሳሎን ውስጥ ተገኘች። ሽማግሌ ባለበት የምትጠየቅ ልጅ ብቅ አትልም። እናቷ ዓይናቸውን አጉረጠረጡ።

«ትሩፋት! ግቢ!»

«እማዬ፣ ቀኑን የምቆርጠው እኔ ነኝ፤ የምመለሰው እኔ ነኛ።» ወደ ሽማግሌዎቹ ዞረች። «ፍልሰታ በተፈታ በመጀመሪያው እሁድ ኑ። በሩን የምከፍትላችሁ እኔ ነኝ። የምላችሁን ግን ዛሬ አልናገርም። እሺም ሊሆን ይችላል፣ እንቢም።»

ሁለቱ ሽማግሌዎች ተያዩ። ሀጂ አህመድ ጢማቸውን ዳሰሱ።

«ተካ» አሉ፣ «አሁን መቀመጥ እንችላለን።»

ተቀመጡ። ወይዘሮ ተናኘወርቅ ግን ቆመው ቀሩ። ልጃቸውን አዩ፤ ለረጅም ጊዜ እንዳላዩት ሰው አዩአት፤ ከንፈራቸው «እውነትሽን ነው?» የሚል ቃል ሳይናገር ሠራ። ትሩፋት የእናቷ ዓይን ውስጥ ቁጣ ስትጠብቅ ያገኘችው ተስፋ ነበር። ለካ እናቷ ልጃቸውን ሲሰጡ የከረሙት ውስጣቸው እየተሰነጠቀ ነው። ይህን ማወቅ ከሁሉ በላይ ልቧን አደማው።

*

መካኒሳ ስትደርስ ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድበዋል። ሚሳኤል የመስኮት አሉሚኒየም በማሽን እየቆረጠ ነበር። አያት፤ ማሽኑን አጠፋ።

«ማን ፈቀደልህ?»

«ማንም።»

«ሁለት ቀን ሙሉ ዘግተኸኝ፣ እኔን ሳትጠይቅ፣ ሽማግሌ?»

«እንቢ ትለኛለች ብዬ አይደለም ያልጠየቅሁሽ።»

«ታዲያ ለምን?»

ጉሮሮውን በጣቱ ነካ። የአሉሚኒየም ብናኝ አንገቱ ላይ ቀረ። «‹አትሂጂ› የምትለው ቃል እዚህ ደርሳ ነበር። ፊት ለፊት ካገኘሁሽ ታመልጠኛለች። አንቺ ደግሞ ታውቂያለሽ፣ ለኔ ብለሽ ትቀሪ ነበር። ከዚያ በየዓመቱ ያን ወንዝ ሰሌዳ ላይ ስትስዪ እኔን ትጠዪኝ ነበር።»

ትሩፋት ፊቷ ላይ የወረደውን ዝናብ በእጇ ጠረገች።

«እና አሁን» አለች፣ «እንደምመለስ ታምናለህ?»

ቶሎ አልመለሰም። ውሸት ቢሆን ኖሮ ቶሎ ይመጣ ነበር።

«አላምንም» አለ።

«ምን?»

«ሞከርኩ፣ ትሩፊ። ክብረትን አምኜው ነበር። ከቦሌ ሸኝቼው ስመለስ ግማሽ ላይ የተወውን መስኮት እንኳ አልነካሁበትም፤ መጥቶ ይጨርሰዋል ብዬ። አራት ወር ሙሉ ደንበኛው እየጮኸብኝ አልነካሁትም። ከዚያ ወዲህ ማመን የሚባለው ነገር ከውስጤ ወጣ። የት እንደወደቀ አላውቅም።» እጁን በጨርቁ ጠረገ፤ ጨርቁ ከእጁ የባሰ የቆሸሸ ነበር። «ሐሙስ ጠዋት አሰብኩ። የሚያምን ሰው ቢሆን ምን ያደርግ ነበር? አልኩ። ሽማግሌ ይልክ ነበር። ላክኩ። ሻንጣውን የገዛሁት ብትቀሪ እንዳይበርድሽ ነው። ሽማግሌውን የላክሁት ብትመለሺ ብዬ ነው። ሁለቱም እኔ ነኝ።»

ልትጮኽበት መጥታ ነበር። ከመብራት ኃይል እስከ መካኒሳ ቃላቱን ስትደረድር ነው የመጣችው። አሁን ግን ሌላ ነገር፣ ለማንም ያልተናገረችው፣ ለራሷም ያልተናገረችው ነገር ከደረቷ ገንፍሎ ወጣ።

«ሚሳ… እዚያ ደስ ቢለኝስ?»

ሚሳኤል ጨርቁን አስቀመጠ።

«ሁሉም ‹አትመለስም› ሲሉኝ የምቃጠለው ለምን እንደሆነ ታውቃለህ? እርግጠኛ ስለሆንኩ አይደለም። ስለማላውቅ ነው!» እንባዋ ከፀጉሯ ከሚንጠባጠበው ዝናብ ጋር ተቀላቅሎ ወረደ። «በሕይወቴ አንድም ቀን ብቻዬን አድሬ አላውቅም። ከእናቴ ቤት፣ ወደ ክፍል፣ ከክፍል ወደ እናቴ ቤት። ብቻዬን ስሆን ማን እንደምሆን አላውቀውም። እና የምሆናት ሴት… ያቺ ሴት ይሄን ሁሉ ባትፈልገውስ? አንተንስ?»

የፈራችው ነገር ከአፏ ወጥቶ በመካከላቸው ቆመ። ፊቱ ይዘጋል ብላ ጠበቀች።

«ደስ ይበልሽ» አለ ሚሳኤል።

«ምን አልክ?»

«ደስ ይበልሽ። ደስ እንዲልሽ አይደል የምትሄጂው?» ድምፁ ተሰበረ፤ ሳይጠግነው ቀጠለ። «ፈርታ የተመለሰች ትሩፋትን አይደለም ሽማግሌዎቼ የጠየቁልኝ። ሂጂና ያቺን ሌላዋን ተዋወቂያት። እኔን ካልፈለገችኝ ፍልሰታ ሲፈታ መጥታ ‹እንቢ› ትበለኝ። በሯን ከፍታ ትበለኝ እንጂ።»

‹እዚያው ቅሪ› ያላት ሞልቷል። ‹ተመለሺ› የሚል ደግሞ ጠፍቶ ለሦስት ቀን አንገብግቧታል። ‹ደስ ይበልሽ› ያላት ግን ይህ ብቻ ነበር፤ ይህን ስትጠብቅ እንደነበር እንኳ አላወቀችም ነበር። እጇን ዘረጋች። ብናኝ የሞላው፣ ሸካራ፣ የሞቀ እጁ ተቀበላት። ዓይኑ መጀመሪያ ሳቀ። አፉ ግን አልደረሰም፤ መሳቅ ትቶ ይንቀጠቀጥ ነበር።

ከደጅ ታክሲዎች በጭቃው ውስጥ ይጮኻሉ። ትሩፋት መሄድ ነበረባት፤ ገና ያልታሰረ ዕቃ አለ፣ ቤት ውስጥ ቆመው የሚጠብቋት እናት አሉ። አልሄደችም። ሳምንቱን ሙሉ አንድ ቦታ አልቆም ያለው እግሯ እዚህ ቆመ፤ ልቧ ግን ከመቼውም በላይ ሮጠ።

ነገ ቶሎ እንዲመጣ ፈለገች። ነገ ፈጽሞ እንዳይመጣም ፈለገች። አንዱ ምኞት ሌላውን ሊያስወጣው አልቻለም፤ እጁን ይበልጥ አጥብቃ ያዘች።